እንጦጦና ምጣዱ፦ የአንድ ተራራ የጉዳይ ጥናት

እንጦጦ ፓርክ የተከፈተ ሰሞን ከተማው ነቅሎ ወደ ላይ ወጣ። ጊዜው የ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ኮሮና ሰውን ቤት አስቀምጦ አሰልችቶታል። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ያለው መንገድ በመኪና ተጨናነቀ። ፈረስ ተጋለበ፣ ብስክሌት ተነዳ፣ ፎቶ እንደ ጉድ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቦታው የሚወራው በአብዛኛው ስለ እይታው፣ ስለ ካፌውና ስለ ዋጋው ነው። ይህም አይከፋም። ሰው የሄደበትን ቦታ ያወራል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ከተማ ጫፍ ላይ፣ አንድ ካሬ ሜትር ስንት እንደሚያወጣ ሁላችንም በምናውቅበት ዘመን፣ 1,300 ሄክታር ገደማ መሬት ቤት ሳይሠራበት እንዴት ተረፈ? ዳገት ስለሆነ ነው እንዳትሉኝ። አዲስ አበባ ዳገት ላይ ቤት መሥራት መቼ ፈርታ ታውቃለች! ተራራውን ያተረፈው ማገዶ ነው። ሊያጠፋው የነበረውም ማገዶ ነው። የእንጦጦን ጉዳይ ከምጣዱ ካልጀመርነው የሚገባን አይመስለኝም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ ያመጡት በ1870ዎቹ መጀመሪያ ነው። አካባቢው የጉለሌ ኦሮሞዎች መኖሪያና የከብት ግጦሽ ነበር። ከፍታው 3,200 ሜትር ይደርሳል። ለጦር ሰው ይመቻል፤ ማን ከየት እንደሚመጣ ከላይ ሆኖ ያያል። እንጦጦ ማርያም እዚያው ተሠራች፤ ምኒልክም በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡት እሷ ዘንድ ነው። ለኑሮ ግን ቦታው አልሆነም። ብርድ ነው፣ ነፋስ ነው፣ ውኃውም ከታች ነው የሚመጣው። ከሁሉ የባሰው እንጨት ነበር።

የዚያን ዘመን መናገሻ ማለት በአብዛኛው ሠራዊት ነው። ሠራዊት ደግሞ ይበላል። ለሚበላ ሁሉ እሳት ያስፈልጋል። በየቀኑ ሺህ ምጣድ ሲሰማ የተራራ ጫካ ስንት ዓመት ይችላል? የሀበሻ ጽዱም ወይራውም ኮሶውም ቶሎ አለቀ። ድሮ እንዲህ ሲሆን መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ሌላ ጫካ መሄድ። እንጨቱ ሲያልቅ ከተማው ይነሳል።

እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው ቤት ያሠሩት በ1879 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባም በዚያው ተቆረቆረች። ከተማው ቁልቁል ወረደ እንጂ የማገዶው ጣጣ አልለቀቀውም። እንደውም ባሰ። መኳንንቱም ነጋዴውም ቤት ሠራ፣ ሰው በዛ፣ እንጨት ፍለጋው ራቀ። ነገሩ ከመክበዱ የተነሳ ምኒልክ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ርቃ ወደምትገኘው አዲስ ዓለም ዋና ከተማቸውን ለማዛወር ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ እያልን የምንጠራት ከተማ በማገዶ ምክንያት ለትንሽ ነው ሳትፈርስ የቀረችው።

ባሕር ዛፍ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ከ1887 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መተከል ጀመረ፤ ሐሳቡን ያመጣው ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለ ፈረንሳዊ እንደሆነ ይነገራል። ዛፉ ለዚህች ከተማ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። በአምስት በስድስት ዓመት ለአጥርና ለማገር ይደርሳል። ከብት አይበላውም። ሲቆረጥ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ልጁም ይቆርጥለታል። ግንዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ለጭቃ ቤት ምሰሶ፣ ለጣሪያ፣ ለአጥር ይሆናል። ፎቅ ስንሠራ ዛሬም መወጣጫው እሱ ነው። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ቦግ ብሎ ይነዳል። እንጀራ ጋግሮ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ምጣድ ለአፍታ ቦግ የሚልና ዳር ዳሩን እኩል የሚያግል እሳት ነው የሚፈልገው። ትልቅ ጉማጅ ለወጥ ነው፤ ለእንጀራ ቅጠልና ጭራሮ ነው።

አዲስ አበባ በዚህ ዛፍ ተረጋጋች። አዲስ ዓለምም መናገሻ መሆኗ ቀርቶ ቤተ ክርስቲያኗ ብቻ ቀረላት። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ባሕር ዛፉ ውኃ ይጠጣል ተብሎ እንዲነቀልና በምትኩ እንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ማን ይስማ! ትእዛዙ ወረቀት ላይ ቀረ፣ ዛፉ ቆመ። ስለ ባሕር ዛፍ የምንከራከረው ክርክር መቶ ዓመት አልፎታል ማለት ነው፤ አሁን የጀመርነው የሚመስላቸው አሉ።

እንግዲህ እንጦጦ እንደዚህ አረንጓዴ ሆነ። ከሩቅ ሲያዩት የጥንት ደን ይመስላል። ግን እርሻ ነበር። የማገዶ እርሻ።

ይህን እርሻ ወደ ከተማው ጉሮሮ የሚያወርዱት ሴቶች ነበሩ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ አይቷቸዋል፤ ብዙዎቻችን ግን ልብ ብለን አላየንም። ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ። ጫካ ውስጥ ቅጠሉን ይጠርጋሉ፣ ጭራሮ ይለቅማሉ፣ ቅርንጫፍ ይመለምላሉ። ከዚያ ይታሰራል። ማሰሩ ራሱ ሙያ ነው። ጭራሮው ከሥር ይነጠፋል፣ ቅጠሉ ከላይ ይጠቀጠቃል፣ ገመዱ በጉልበት እየተረገጠ ይጠብቃል። የላላ ሸክም ቁልቁለት ላይ ይዞ ይወድቃል። ሲታሰር ከሴትየዋ ቁመት የሚረዝም ጥቅል ይሆናል፤ በጀርባ ላይ በአግድሙ ይጫናል። ተቀምጣ ትታዘለዋለች፣ ጓደኛዋ ጎትታ ታስነሳታለች። ከዚያ ወገቧን አጉብጣ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቁልቁል ትወርዳለች። ሸክሙ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። ከራሷ ክብደት ብዙም የማያንስበት ጊዜ አለ። መንገድ ላይ ካረፈች እንደገና የሚያስነሳት ሰው ያስፈልጋታል። ስለዚህ የምታርፈው ሸክሙን የሚያስደግፍ ግንብ ያለበት ቦታ ብቻ ነው።

ታች ስትደርስ ደግሞ ገበያው አለ።

"እርጥብ ነው፤ ይጨሳል" ትላለች ገዥዋ።

"ኧረ እትዬ፣ ደርቆ የከረመ ነው! በእጅዎ ይዩት።"

ከተማውን ያቀናችው ይህቺ ሴት በሕግ ዓይን ሌባ ነበረች። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ጫካው የመንግሥት ሆነ፤ ጥበቃ ተመደበለት። ከጥበቃው ጋር ያለው ነገር አስቀያሚ ነበር። ሸክሟን ትነጠቃለች፣ ትመታለች፣ ከዚያም የከፋ ይደርስባታል። ይህን የሚናገሩ ጥናቶች ከብዙ ዓመት በፊት ተሠርተዋል። በ1980ዎቹም በዓለም ሥራ ድርጅት ድጋፍ ማገዶ ተሸካሚ የነበሩ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ወደ ሽመና የገቡበት ጅምር ነበር። ዛሬም ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚሸጡት ነጠላና ሻርፕ አለ። ቆንጆ ሥራ ነው። ግን አንዳንዶቹ ከተራራው ሲወርዱ ሌሎች ይወጡ ነበር። ከታች ቅጠሉን የሚገዛ ምጣድ እስካለ ድረስ ከላይ የሚያወርደው አይጠፋም።

ተራራው ምን ሆነ? እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተካከል እፈልጋለሁ። ሁሉንም ጥፋት ባሕር ዛፍ ላይ መለጠፍ ፋሽን ሆኗል። ባሕር ዛፉ ውኃ ይወዳል፤ ለሌላው ተክልም አይመችም፤ ይህ እውነት ነው። ግን እንጦጦ ላይ የከፋው ጉዳት የመጣው ከመጥረጊያው ጭምር ነው። የረገፈው ቅጠል ዕለት በዕለት ተጠርጎ ይሄዳል። መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። አፈሩ የሚለብሰውም የሚበላውም የለውም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲመጣ የሚይዘው ነገር አያገኝም፣ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ቅጠሉ ባልተጠረገበትና ከብት ባልገባበት ቦታ ግን ከባሕር ዛፉ ሥር ጽዱና ሌላው ቁጥቋጦ ራሱ ብቅ ሲል ይታያል።

ከእንጦጦ የሚወርደው ውኃ ደግሞ የት እንደሚሄድ እናውቃለን። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ ሁሉም ከዚያ ነው የሚነሱት። ክረምት ላይ ወንዝ ዳር የተጠጋው ቤት በጎርፍ ሲወሰድ ሬዲዮ ላይ "በጣለው ከባድ ዝናብ" ይባላል። ዝናቡ ድሮም ከባድ ነው። የላላው ተራራው ነው።

ፓርኩ ከሰማይ የወረደ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ከሱ በፊት የለፉ አሉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር የእንጦጦን ተራራ ከፊል ተረክቦ አገር በቀል ዛፍ መመለስ ጀመረ። ጥበቃ ቀጠረ፣ እርከን ሠራ፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ ተከለ። ብዙ ወሬ ያልነበረው ሥራ ነው። በምዕራብ በኩል ደግሞ የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የጉለሌ እፅዋት ማዕከልን አቋቋሙ፤ 705 ሄክታር ነው። እዚያ የሄደ ሰው ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ ለአገር በቀል ቦታ ሲለቅ በዓይኑ ያያል። ቀስ በቀስ ነው ታዲያ። ባሕር ዛፍ በስድስት ዓመት የሚሆነውን ወይራ በሠላሳ ዓመትም አይሆነው።

ከነዚህ ሁሉ ጋር ተራራው ያለ አጥርና ያለ ትኬት የሕዝብ ነበር። ይህን መዘንጋት የለብንም። መስከረም 1 ቀን እንጦጦ ራጉኤል ሲነግሥ ነጭ የለበሰ ሕዝብ እንቁጣጣሹን እዚያ ያከብራል። እንጦጦ ማርያም ጸበል አለ፤ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሌለበት ዘመን በሺህ የሚቆጠር ሕመምተኛ እዚያ ተጠልሎ ነበር፤ በአካባቢው ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ጠዋት ጠዋት በብርድ የሚጠመቅ። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ ብዙዎች ጸበሉን ላለመተው ሲሉ አንወስድም አሉ። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም አብሮ ይሄዳል፣ መድኃኒታችሁን ውሰዱ ብለው በይፋ ተናገሩ። ሯጮቹም አሉ። ኃይሌ ገብረሥላሴን ጨምሮ ስንቱ ባለ ሜዳሊያ ሳንባውን ያሰፋው እዚያ ዳገት ላይ ነው። አናቱ ላይ ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የጠፈር መመልከቻ ተተክሏል። ቤተ መንግሥት፣ ጸበል፣ ሩጫ፣ ኮከብ ቆጠራ በአንድ ጋራ ላይ። የትኛውም አርክቴክት ይህን አቅዶ አያመጣውም።

ፓርኩ ሲሠራ ታዲያ ጥያቄው ይህ ሁሉ ሕዝብ ቦታ ያገኛል ወይ ነው። በከፊል አዎ። ቤተ ክርስቲያኖቹ እንዳሉ ናቸው። የእግረኛና የብስክሌት መንገዱ ጥሩ ነው፤ ድሮ ብቻዋን ለመውጣት የምትፈራ ሴት ዛሬ ጠዋት ስትሮጥ ትታያለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድሮ እንጦጦ ከመሸ ሌባም ጅብም ያለበት ነበር። የሚያስከፍለው ነገር ግን ኪስ ይጎዳል። ዚፕላይኑ፣ ፈረሱ፣ ሬስቶራንቱ ለደሞዝተኛ ቤተሰብ በዓመት አንዴ የሚሆን ነው። መኪና የሌለው ሰው ደግሞ ሽሮ ሜዳ ደርሶ ሌላ ታክሲ መያዝ አለበት። የኔ ምክር ካስፈለገ ምሳችሁን ቋጥራችሁ ሂዱና ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ከካፌው ይሻላል፤ ጨጨብሳ በቴርሞስ ሻይ እዚያ ብርድ ላይ ሌላ ነው።

ከኔ ዓይን የፓርኩ ትልቁ ውጤት ያለው ተራራው ላይ አይደለም፤ ታች ጉለሌ ነው። ፓርኩ ሲከፈት ማገዶ ተሸካሚዎቹ የት ይግቡ የሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት መጣ። ከነሱ የተወሰኑት ፓርኩ ውስጥ ሥራ አገኙ፤ ችግኝ፣ ጽዳት፣ ጥበቃ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ጉለሌ ላይ ከእንጦጦ እንጨት በመልቀም ይተዳደሩ የነበሩ እናቶች የሚሠሩበት እንጀራ ፋብሪካ ተከፈተ። እስቲ ይህን ልብ በሉ። ለሌላ ሰው ምጣድ ቅጠል ስታወርድ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት አሁን ራሷ በመብራት እንጀራ ትጋግራለች። ከተማዋም ራሷ ጋግራ ከምትበላው ገዝታ የምትበላው እንጀራ እየበዛ ነው።

ማገዶውን ከሥሩ የሚነካ አሠራር ይህ ነው። ቀድሞ የተሞከረው ሁሉ በአንድ በኩል ብቻ ነበር። ጥበቃ ተቀጠረ፤ ገዥ ስላለ ጥበቃው ይሸወዳል ወይ ጉቦ ይበላል። ሴቶቹ ሽመና ተማሩ፤ ገዥ ስላለ ሌሎች ተተኩ። ገዥው ሲቀንስ ግን ጫካው ራሱን መጠበቅ ይጀምራል። አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ መስፋፋቱ ለእንጦጦ ከማንኛውም የችግኝ ዘመቻ በላይ ጠቅሟል ብዬ ነው የማምነው። ከቤተሰብ የኃይል ፍጆታ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነውና።

ድሉ ግን ገና ልፍስፍስ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ሰፈሩ በሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ምጣድ ሲሰካ ትራንስፎርመሩ ይጮኻል፤ ከዚያ ጭጭ። ሊጡ ኩፍ ብሎ መብራት የጠፋባት ሴት አካባቢን ስለመጠበቅ አታስብም። ከሰልና ቅጠል ታስገዛለች። ታሪፉም ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። መብራት በተወደደና በተቆራረጠ ቁጥር ተራራው ላይ ጫና ይመጣል። ይህን የፓርኩ አስተዳደር ሊቆጣጠረው አይችልም፤ ቁልፉ መብራት ኃይል ጋ ነው።

አንድ የሚያስደስተኝ ነገር አለ። እንጦጦ የውኃ ክፋይ ነው። ፊቱ ላይ የጣለው ዝናብ በአዲስ አበባ አልፎ በአቃቂ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ጀርባው ላይ የጣለው ደግሞ በሱሉልታ በኩል ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ይገባል። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ነው የተሠራው። ከእንጦጦ ጀርባ የወረደው ጠብታ ግድቡ ደርሶ በሽቦ ተመልሶ ጉለሌ ምጣድ ላይ ይግላል ማለት ነው። ሽቦው በየሰፈሩ እስኪደርስ ያለው ችግር ግን የግድብ ሳይሆን የትራንስፎርመርና የመስመር ችግር ነው። በዜና ላይ ሪባን አይቆረጥለትም።

ተራራው ላይ ያለው የቤት ሥራም አላለቀም። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጉቶ ካልተነቀለ ወይም ቀንበጡ በየዓመቱ ካልተሰበረ በሁለት ክረምት ከተተከለው ጽድ ይበልጣል። ክረምት ላይ ሚሊዮን ችግኝ መትከል ቀላል ነው፤ ካሜራም ይመጣል። ጥር ላይ ውኃ ማጠጣትና ሰኔ ላይ ቀንበጥ መስበር ግን ደሞዝ የሚከፈለው ቋሚ ሰው ይፈልጋል። ይህን ሥራ ከማንም በላይ የሚያውቁት ደግሞ እነዚያው ሴቶች ናቸው። ባሕር ዛፉ የቱ ጋ እንደሚያቆጠቁጥ፣ የቱ ገደል ላይ አፈሩ እንደሚንሸራተት፣ የቱ ሸጥ በጋም እርጥብ እንደሆነ አርባ ዓመት በእግራቸው ለክተውታል። ፓርኩ ለነሱ የሰጠው ሥራ አብዛኛው መጥረጊያና አካፋ ነው። የጫካ ባለሙያ ተብለው ቢቀጠሩ ደሞዛቸው ምን ያህል ይለያል? ይህን የፓርኩን በጀት የሚያጸድቁት ሰዎች ቢያስቡበት ጥሩ ነው፤ የሚቀጥለው ክረምት ሩቅ አይደለም።